"ፎርማት እናድርገው" በኤ ፕላስ ፈተና ለምን ይጥላል?

የተንቀራፈፈ ላፕቶፕ ይዛችሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጥገና ሱቆች ወደ አንዱ ግቡ። ችግሩን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ መልሱ ይመጣል፦ "ፎርማት እናድርገው።" ብዙ ጊዜ ደግሞ ያዋጣል። ደንበኛው ቸኩሏል። ጠረጴዛው ላይ ሌሎች ማሽኖች ተራ ይጠብቃሉ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ላፕቶፑ ይፈጥናል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል።

ይህንኑ መልስ ኤ ፕላስ በሚባለው የኮምፒውተር ቴክኒሻኖች ፈተና ላይ የመረጠ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ ያጣል። እንዲህ ያሉ መልሶች ሲደራረቡ ይወድቃል። ዓመታት የሠሩ፣ እጃቸው የተፍታታ ልጆች ወድቀው ሲገረሙ የምናየው ለዚህ ነው። ዕውቀት ጎድሏቸው ላይሆን ይችላል። ፈተናው የሚጠይቀው ግን ሱቅ ውስጥ የማይጠየቅ ነገር ነው። ስለዚህ ለድጋሚ መዘጋጀት ማለት ያንኑ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ መጀመር ነው ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ትንሽ ቆዩ።

መጀመሪያ ፈተናውን ለማያውቅ ባጭሩ። ኤ ፕላስ ኮምፕቲያ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለጀማሪ የኮምፒውተር ቴክኒሻኖች የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አለ። ወረቀቱን ለማግኘት ሁለት ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ኮር 1 ሃርድዌር፣ ኔትወርክ፣ ስልክና ታብሌት፣ ክላውድ (በኢንተርኔት በኩል የሚገኝ የኮምፒውተር አገልግሎት) እና የእነዚህን ብልሽት ፍለጋ ይይዛል። ኮር 2 ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ደህንነት፣ የሶፍትዌር ችግሮችና የሥራ ሥነ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ቢበዛ 90 ጥያቄ አለው፤ ጊዜው 90 ደቂቃ ነው። ማለፊያው ለኮር 1 675፣ ለኮር 2 700 ነው። አንዱን አልፋችሁ አንዱን ከወደቃችሁ የምትደግሙት የወደቃችሁበትን ብቻ ነው።

ማለፊያ ነጥቡን በመቶኛ ለማስላት አትድከሙ። መለኪያው ከ100 ጀምሮ እስከ 900 የሚሄድ ነው እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። ጥያቄዎቹም ሁሉም እኩል አይመዝኑም። "በ20 ነጥብ ነው የወደቅኩት፣ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረኝ" የሚለው ስሌት ልብን ያረጋጋ ይሆናል። ለዝግጅት ግን አይጠቅምም።

የሚጠቅመው የውጤት ወረቀቱ ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ፣ ተናዶ፣ አጣጥፎ ያስቀምጠዋል። ከቁጥሩ ሥር ግን ቢያንስ አንድ ጥያቄ የተሳሳታችሁባቸው የትምህርት ርዕሶች ተዘርዝረዋል። ከኮምፕቲያ ድረ ገጽ ደግሞ የፈተናው ሙሉ የይዘት ዝርዝር በነፃ ይወርዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና በወረቀቱ ላይ የወጡትን አንድ በአንድ አስምሩባቸው። የድጋሚው ትምህርት ይህ ነው።

ወረቀቱ አንድ ጉድለት አለበት። በአንድ ርዕስ ሥር ስንት ጥያቄ እንደሳታችሁ አይነግራችሁም። አንድ የሳተም አምስት የሳተም እኩል ይጻፍለታል። ስለዚህ የየክፍሉን ክብደት ማየት ግድ ነው። በኮር 1 የብልሽት ፍለጋ 28 በመቶ ይይዛል። ሃርድዌር 25፣ ኔትወርክ 23፣ የሞባይል ዕቃዎች 13፣ ክላውድና ቨርቹዋላይዜሽን (በአንድ ማሽን ውስጥ ሌላ ማሽን ማስኬድ) 11 በመቶ ናቸው። በኮር 2 ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ደህንነት እያንዳንዳቸው 28 በመቶ ናቸው። የሶፍትዌር ችግር ፍለጋ 23፣ የሥራ ሥነ ሥርዓት 21 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው። ኮር 1 የወደቀ ልጅ ወረቀቱ ላይ አንድ የክላውድ ርዕስና ሦስት የብልሽት ፍለጋ ርዕሶች ያያል። የሚሮጠው ወደ ክላውዱ ነው። ክላውድ አዲስ ስለሆነበት ያስፈራዋል። ብልሽት ፍለጋማ የዕለት ሥራው ነው፣ "እሱን አውቀዋለሁ" ይላል። የጣለው ግን እሱው ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ኮምፕቲያ ለማንኛውም ብልሽት የሚከተለው ስድስት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ችግሩን መለየት። ተጠቃሚውን መጠየቅ፣ በቅርቡ ምን እንደተቀየረ ማወቅ፣ ማንኛውንም ነገር ከመንካት በፊት ፋይሎቹን በሌላ ቦታ ማስቀመጥ እዚህ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ የሚመስላችሁን መንስኤ መገመት፤ ከቀላሉና ከግልጹ ጀምሮ። ሦስተኛ ግምቱን መፈተሽ። አራተኛ የመፍትሔ ዕቅድ አውጥቶ መሥራት። አምስተኛ ሁሉም ነገር በትክክል መሥራቱን ማረጋገጥና እንዳይደገም መከላከያ ማድረግ። ስድስተኛ የሆነውን ሁሉ መጻፍ።

"ፎርማት" የት እንደሚገባ አያችሁ? አራተኛው ላይ ነው። ያውም ቀለል ያሉት መፍትሔዎች ሁሉ ካልሠሩ። ሱቅ ውስጥ ግን የመጀመሪያው እርምጃ ሆኗል። ስድስተኛውማ ጭራሽ የለም። የትኛው ሱቅ ነው የሠራውን ጥገና መዝግቦ የሚያስቀምጥ?

ጥያቄዎቹ ይህን ቅደም ተከተል የሚፈትኑት በአንዲት ቃል ነው። "ፈርስት" ካለ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ ነው። "ኔክስት" ካለ ከተባለው ቀጥሎ ምን ይመጣል ነው። "ቤስት" ካለ ከሚሠሩት መካከል የተሻለውን ምረጥ ነው። "ሞስት ላይክሊ" ካለ ሊሆኑ ከሚችሉት ይበልጥ የሚመስለውን ነው። ብዙ ጊዜ አራቱም ምርጫዎች ትክክለኛ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ብቻ ነው በቦታው የተቀመጠው። ፈተናው በአማርኛ ስለማይሰጥ ደግሞ እንግሊዝኛውን ለመረዳት ስንታገል ይህቺ ቃል ታመልጠናለች። እኔ የምመክረው ረጅሙን ታሪክ ከማንበብ በፊት የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ነው። ምን እንደተጠየቃችሁ ካወቃችሁ በኋላ ታሪኩን ስታነቡ የሚያስፈልጋችሁን ፍንጭ ትለቅማላችሁ።

በምሳሌ እንየው። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ኢንተርኔት አልሠራ አላት። አጠገቧ ያሉት ሁሉ ይሠራላቸዋል። የማሽኗ አይፒ አድራሻ 169.254.12.7 ነው። መንስኤው ምን ሊሆን ይችላል? ሱቅ ውስጥ ቢሆን ራውተሩን አጥፍተን እናበራ ነበር። ቁጥሩ ግን መልሱን ተናግሯል። ዊንዶውስ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ የሚሰጠው አድራሻ አከፋፋዩ፣ ማለትም ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ፣ መልስ ሳይሰጠው ሲቀር ነው። ሌሎቹ ስለሚሠራላቸው ሰርቨሩ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ በእሷ ማሽንና በኔትወርኩ መካከል ነው። ኬብሉ፣ ሶኬቱ፣ ወይም የስዊቹ ፖርት። ያንኑ ጥያቄ ትንሽ ቀይረው ቢያመጡትስ? አድራሻዋ ትክክለኛ ነው፣ 8.8.8.8 ወደሚባለው የኢንተርኔት አድራሻ የሙከራ መልእክት ስትልክ (ፒንግ ስታደርግ) መልስ ታገኛለች፣ የድረ ገጽ ስም ስትጽፍ ግን አይከፈትም። አሁን ጉዳዩ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው። ሁለቱን የሚለየው አንድ መስመር ብቻ ነው። ያንን መስመር ዘሎ ያነበበ ሰው መልሱን ያውቀዋል ግን ይሳሳተዋል።

ሌላ ምሳሌ፣ ቫይረስ። አንድ ማሽን ላይ ማስታወቂያዎች በራሳቸው ይከፈታሉ፣ ፋይሎች ስማቸው ተቀይሯል፣ ቴክኒሻኑም ማልዌር (ቫይረስን የመሰለ ጎጂ ፕሮግራም) መሆኑን አረጋግጧል። ቀጥሎ ምን ያድርግ? ምርጫዎቹ፦ ጸረ ቫይረስ ማስኬድ፣ ሲስተም ሪስቶርን (ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ቅጂው የሚመልሰውን) ማጥፋት፣ ማሽኑን ከኔትወርክ መነጠል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን። ሁሉም በሆነ ሰዓት ይመጣሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ግን መነጠል ነው፤ ሌሎቹን ማሽኖች እንዳይበክል። ከዚያ ሲስተም ሪስቶር ይጠፋል፤ ቫይረሱ በድሮው ቅጂ ውስጥ ተደብቆ እንዳይመለስ። ከዚያ ጸረ ቫይረሱ ይታደሳል፣ ፍተሻና ማጽዳት ይቀጥላል። በመጨረሻ የጊዜ ሰሌዳ ያለው ፍተሻ ተዘጋጅቶ ሲስተም ሪስቶር ይመለሳል። ማሳረጊያው ተጠቃሚውን ማስተማር ነው። ቅደም ተከተሉን በምክንያቱ ካጠናችሁት አይጠፋችሁም። በሽምደዳ ከያዛችሁት ግን ሦስተኛውና አራተኛው ይምታታል።

ባለሙያዎቻችንን የሚከብዳቸው አንድ ሌላ መልስም አለ። "ከአቅሜ በላይ ነው፣ ለሚመለከተው አስተላልፌያለሁ" የሚለው። ሱቅ ውስጥ ይህን ማለት ደንበኛ ማጣት ነው፣ ትንሽም ያሳፍራል። ፈተናው ላይ ግን ግምታችሁ ተፈትሾ ካልሠራ ወይ አዲስ ግምት ታመጣላችሁ ወይ ወደ ላይ ታስተላልፋላችሁ። ሁለቱም ሙሉ ክብር ያላቸው መልሶች ናቸው።

የሥራ ሥነ ሥርዓት የሚባለው የኮር 2 ክፍልም እንዲሁ ይናቃል። 21 በመቶ ነው፣ ቀላል አይደለም። ደንበኛ ሲናገር አለማቋረጥ፣ ፊት ለፊቱ ስልክ አለማንሳት፣ ባህሉን ማክበር፣ ጠረጴዛው ላይ ያየኸውን ሚስጥር አለማውራት። ይህንን ለወሎ ልጅ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከባዱ ሌላው ነው። የሶፍትዌር ፈቃድ፣ ያበጠ ባትሪ አያያዝና አወጋገድ፣ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ራም እንዳያቃጥል የእጅ ማሰሪያ አጠቃቀም፣ ማሽን ላይ ሕገ ወጥ ነገር ስታገኝ ሳትሰርዝ ማንን እንደምታሳውቅ። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ በየፍላሹ በሚዞርበት አገር ስለ ፈቃድ ጥያቄ መመለስ ያስፈግጋል። ግን ይመጣል።

የአገራችንን የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሲኦሲን፣ ያለፋችሁ ደግሞ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ሲኦሲ ከጽሑፉ በተጨማሪ በተግባር ያሠራችኋል፣ መዛኙ እያያችሁ። ኤ ፕላስ ላይ ማንም እጃችሁን አያይም። ተግባራዊ የሚባሉት ጥያቄዎች ራሳቸው ስክሪን ላይ ናቸው። ገመዱን ጎትታችሁ ቦታው ታስቀምጣላችሁ፣ ራውተር ታዋቅራላችሁ፣ ትዕዛዝ ትጽፋላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ይመጣሉ፣ ጊዜም ይበላሉ። ብዙ ሰው የወደቀው እነዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት አቃጥሎ ነው። ምልክት አድርጋችሁ እለፏቸውና የምርጫ ጥያቄዎቹን ሠርታችሁ ተመለሱ። ባዶ የተተወ ጥያቄ ነጥብ ስለማያመጣ ያላወቃችሁትንም ገምታችሁ ሙሉ።

የሚሸመደደውን ሽምድዱ፤ እሱ ላይ ብዙ የምለው የለም። የፖርት ቁጥሮች (እያንዳንዱ የኔትወርክ አገልግሎት የሚታወቅበት ቁጥር)፦ ኤስኤስኤች 22፣ ዲኤንኤስ 53፣ ዲኤችሲፒ 67 እና 68፣ ኤችቲቲፒ 80፣ ኤችቲቲፒኤስ 443፣ ኤስኤምቢ 445፣ አርዲፒ 3389። በወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፋችሁ ያዙ። መብራት ሲጠፋ የሚጠና ነገር ይኖራችኋል።

ልምምዱ ግን ወጪ የለውም። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ካላችሁ ቨርቹዋልቦክስ የሚባለው የቨርቹዋላይዜሽን ፕሮግራም በነፃ ይጫናል። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት የቅንብር ገጽ) ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን መብራቱን አረጋግጡ። በላዩ ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጭናችሁ እያበላሻችሁ አስተካክሉ። ያበላሻችሁትን ፎርማት ሳታደርጉ መመለስ ሕጋችሁ ይሁን። ለፕሪንተር ደግሞ ከፎቶ ኮፒ ቤት የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ዩኒቨርሲቲና ትምህርት ቤት አጠገብ ያሉት ማሽኖቻቸው አያርፉም፣ ስለዚህ ሁሉንም ዓይነት ብልሽት ታያላችሁ። ጽሑፉ በጣት ሲነካ የሚለቅ ከሆነ ቶነሩን በሙቀት የሚያጣብቀው ፊውዘር ደክሟል። ገጹ ላይ ቁልቁል የሚወርድ ጥቁር መስመር ካለ ድራሙን ጠርጥሩ። ፈዞ የሚወጣ ከሆነ ቶነሩ እያለቀ ነው። ይህ ሁሉ ኮር 1 ላይ ቃል በቃል ይጠየቃል።

ለቅደም ተከተሉ የማውቀው ጥሩ ልምምድ ከጓደኛ ጋር የሚደረግ ነው። ቡና ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ አንዱ ደንበኛ ይሁን፣ አንዱ ቴክኒሻን። ደንበኛው "ኮምፒውተሬ በራሱ ይጠፋል" ይላል። ቴክኒሻኑ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ጥያቄ ብቻ እንጂ መፍትሔ መናገር አይፈቀድለትም። መቼ ጀመረ? ከስንት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል? ከዚያ በፊት የተቀየረ ነገር አለ? ትንሽ ከሠራ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ነው፤ አቧራ የያዘ ፋን ወይም የደረቀ ቴርማል ፔስት። ገና ከመነሳቱ የሚጠፋ ከሆነ ወደ ፓወር ሳፕላይ ይዞራል። መጀመሪያ ላይ ምላሳችሁ "ራሙን እንቀይረው" ለማለት ይፈጥናል። አብሽሩ፣ ይለመዳል።

ቴሌግራም ላይ የሚሸጡትን "የተሰረቁ ጥያቄዎች"፣ ደምፕ የሚባሉትን፣ ተዉአቸው። ኮምፕቲያ በደምፕ ያለፈን ሰው ውጤት ሊሰርዝና ከፈተና ሊያግድ ይችላል። ከዚያ በላይ ግን መልሶቻቸው ራሳቸው ብዙ ጊዜ ስህተት ናቸው። ሌላው የቴሌግራም ችግር ያረጀ ፋይል ነው። አሁን ያሉት ፈተናዎች 220-1201 (ኮር 1) እና 220-1202 (ኮር 2) ናቸው። የወጡት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። ከእነሱ በፊት የነበሩት 220-1101 (ኮር 1) እና 220-1102 (ኮር 2) በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተዘግተዋል። በ1101 የታተመ ፋይል አብዛኛው አሁንም ይጠቅማል፣ ግን ክብደቱ ተቀይሯል፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ርዕስም የለውም። ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው፦ የአንዱን ዕትም ኮር 1 ከሌላው ዕትም ኮር 2 ጋር ማዳመር አይቻልም። 1101ን አልፎ 1102ን ወድቆ የተቀመጠ ሰው አሁን ሁለቱንም በአዲሱ መጀመር አለበት። እናንተም ከአሁኑ አንዱን ካለፋችሁ ሌላውን ለዓመታት አታሳድሩት።

ከገንዘቡ በፊት ሕጉን እንይ። ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ ሁለተኛውን ለመፈተን የሚጠበቅ ቀን የለም። ሁለተኛውን ከወደቃችሁ ግን ሦስተኛውንና ከዚያ በኋላ ያሉትን ለመፈተን ካለፈው ሙከራ 14 ቀን መቆጠር አለበት። በየሙከራው ሙሉ ዋጋ ይከፈላል፣ ቅናሽ የለም። የአሜሪካ ዋጋው ለአንዱ ፈተና ብቻ ከ250 ዶላር በላይ ነው። ዋጋው በየአገሩ ስለሚለያይ ከመክፈላችሁ በፊት የኢትዮጵያን ዋጋ ድረ ገጹ ላይ እዩ። ለሌላ አገር የተሸጠ ቫውቸር (አስቀድሞ የተከፈለበት የፈተና ኮድ) እዚህ ላይሠራ ይችላል። የማብቂያ ቀንም አለው። በርካሽ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ ሁለቱን ጠይቁት።

መጠበቅ ግዴታ አይደለም ማለት በነጋታው ተፈተኑ ማለት አይደለም። በእልህ በነጋታው የገባ ሰው ያንኑ ስህተት ይዞ ነው የሚገባው። በእኔ ግምት ከዚህ በፊት አይታችሁ በማታውቋቸው የልምምድ ጥያቄዎች ላይ፣ በሰዓት ተገድባችሁ፣ ደጋግማችሁ ከ85 በመቶ በላይ ካገኛችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ። አንዴ የሠራችሁትን ጥያቄ ደግሞ መሥራት ትዝታን ነው የሚለካው።

ፈተናው ፒርሰን ቪው በሚባለው ፈተና ሰጪ ድርጅት በኩል ነው የሚሰጠው። ከቤት በኢንተርኔትም ይቻላል። እዚያ ግን ክፍሉ ውስጥ ብቻችሁን መሆን አለባችሁ፤ ካሜራው ያያችኋል፣ ሰው ከገባ ፈተናው ሊቋረጥ ይችላል። መብራትና ኢንተርኔት ለማይታመንበት፣ እንግዳ ሳይጠራ ለሚገባበት ቤት ይህን አልመክርም። አዲስ አበባ ማዕከል ከመረጣችሁ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ በከሚሴና በደብረ ብርሃን አድርጎ። አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ከመኪና ወርዶ በቀጥታ 90 ጥያቄ ፊት መቀመጥ ራስን መቅጣት ነው።

ስትመዘገቡ ስማችሁን መታወቂያችሁ ወይም ፓስፖርታችሁ ላይ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው አድርጋችሁ ጻፉ፣ አንድ ፊደል ሳይቀየር። ይህን የምለው ሰይድና መሐመድ በሞላበት አገር ነው፤ መሐመድ ብቻውን በላቲን በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። ስሙ ካልተዛመደ ማዕከሉ ሊመልሳችሁ ይችላል፣ የከፈላችሁትም አይመለስም። ስህተት ካያችሁ ከፈተናው ቀን በፊት አሳርሙ፤ በሩ ላይ ደርሶ ማስረዳት አይሠራም።